ኤሪክ ብራውን ከጦርነቱ በኋላ፦ ጄትን ከመርከብ ጋር የማስማማት ሥራ

ስለ ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል አብራሪ ኤሪክ ብራውን የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር መግቢያው ላይ የሚጠብቁኝ እነዚያው ቁጥሮች ናቸው። 487 ዓይነት አውሮፕላን አብርሯል፤ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ 2,407 ጊዜ አርፏል። አቆጣጠሩ ደግሞ ጥብቅ ነው። በዋና አብራሪነት ያበረራቸው ብቻ ናቸው የተቆጠሩት፤ የአንድ አውሮፕላን የተለያዩ ሞዴሎችም እንደ አንድ ነው የተያዙት። ስፒትፋየርንና የባሕር ኃይል ወንድሙን ሲፋየርን በ14 ሞዴል አብርሯቸው፣ ሁሉም በዝርዝሩ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ገብተዋል። ይህን ክብረ ወሰን የሚሰብር ሰው ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ ያን ያህል የአውሮፕላን ዓይነት በአንድ ሰው ዕድሜ የሚሠራበት ዘመን አልፏልና።

ቅሬታዬ ቁጥሮቹ ሰውየውን ስለሚጋርዱት ነው። 487 የሚለውን ያነበበ ሰው ብራውንን እንደ ዕቃ ሰብሳቢ ያየዋል። ከ1945 በኋላ ያሉትን 25 የአገልግሎት ዓመታት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀርቦ ለተመለከተ ግን አብዛኛው ድካሙ በአንድ ጠባብ ጥያቄ ላይ የዋለ ነው፦ ጄት ሞተር ያለው አውሮፕላን ከመርከብ ጋር እንዴት ይስማማል? የሚገርመው፣ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ከሞከራቸው ነገሮች ብዙዎቹ ተሠርተው አገልግሎት ላይ አልዋሉም። እኔ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለእነዚያ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ወቅት የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። ብራውን ውጊያን የቀመሰው «ኦዳሲቲ» በምትባል ትንሽ ተሸካሚ መርከብ ላይ ነው። ከጀርመኖች የተማረከች የንግድ መርከብ ስትሆን፣ ላይዋን ገፈው ወለል አነጠፉላት እንጂ ከሥር የአውሮፕላን መጠለያ አልነበራትም። ዲሴምበር 21 ቀን 1941 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። እንዲህ ባለ አጭር ወለል ላይ ማረፍን የተማረ አብራሪ ለሙከራ ሥራ ተፈላጊ ነበርና ብራውን ወደ ፋርንቦሮው የንጉሣዊ አውሮፕላን ምርምር ተቋም ተዛወረ። በ1944 የባሕር ኃይሉ ዋና የሙከራ አብራሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ማርች 25 ሞስኪቶን «ኢንዲፋቲጌብል» ላይ አሳረፈ፤ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በእንግሊዝ መርከብ ላይ ሲያርፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የተማረኩት አውሮፕላኖች

አውሮፓ ላይ ጦርነቱ ሲያበቃ ሌላው መኮንን ወደ ቤቱ ሲመለስ ብራውን ወደ ጀርመን ሄደ። ጀርመንኛ አቀላጥፎ ይናገር ስለነበር ድርብ ሥራ ተሰጠው፦ የተማረኩ አውሮፕላኖችን መርጦ፣ ሞክሮ ወደ ፋርንቦሮ ማስመጣት፣ በተጨማሪም የሠሯቸውን ሰዎች መመርመር። የአውሮፕላን ሠሪዎቹን ሃይንከልን፣ ሜሰርሽሚትንና የፎከ ቩልፉን ኩርት ታንክን፣ የአየር ኃይሉን አዛዥ ሄርማን ጎሪንግንም ራሱን አነጋግሯል። በኤፕሪል 1945 ነፃ በወጣው የቤርገን ቤልዘን ማጎሪያ ደግሞ አዛዡ ዮሴፍ ክራመርና ጠባቂዋ ኢርማ ግሬዘ ሲመረመሩ አስተርጓሚ ሆኖ ገብቷል። ያየውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም።

አውሮፕላኖቹን በተመለከተ የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው ተዋጊውን ጄት ሜሰርሽሚት 262ን ከሚገፋው ዩሞ 004 ሞተር ነው። ጀርመን ኒኬልና ክሮም አጥታ ስለነበር የሞተሩ ትኩስ ክፍሎች ከተራ ብረት ነበር የሚሠሩት። የተርባይኑ ቅጠሎች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ አየር እያለፈ ያበርዳቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ የአንድ ሞተር ዕድሜ ቢበዛ 25 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ የተማረከ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ አብራሪ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እጅን መግራት ይመጣል። የጉልበት መጨመሪያውን እጀታ በፍጥነት የገፋው ሰው ተርባይኑ ሳይደርስበት ነዳጅ ያጥለቀልቀዋል፤ ያኔ ሞተሩ ይጠፋል ወይም ይቃጠላል። ፕሮፔለር የለመደ እጅ ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ስሕተት ነው። ለማረፍ ሲጠጉ ጉልበት ቀንሶ ኋላ በድንገት መልሶ መጨመር አይቻልም፤ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ይህ ነጥብ ከጥቂት ወራት በኋላ መርከብ ላይ ዋና ነገር ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ሮኬቱ ሜሰርሽሚት 163 ነበር። በሁለት ፈሳሾች ይሠራል፦ አንደኛው የተጠናከረ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ሌላው የሜታኖልና የሃይድራዚን ድብልቅ። ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ። ፐሮክሳይዱ የሰው ሥጋ ካገኘ ይበላዋል። አውሮፕላኑ የሚነሣው በጎማ ጋሪ ላይ ነው፤ ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ እንዳለ ጋሪውን ይጥላል። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በ3 ደቂቃ ገደማ ይደርስና ነዳጁ ሲያልቅ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ ይወርዳል፤ በሆዱ ባለ ሸርተቴም ያርፋል። አቀራረቡ ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል የለም። ታንኩ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ካለና ሸርተቴው መሬቱን በኃይል ከመታው ፍንዳታ ይከተላል። እንግሊዞች በሮኬቱ ጉልበት እንዲበረር አልፈቀዱም ነበር። ብራውን ግን ጁን 10 ቀን 1945 ሁዙም ላይ፣ የጀርመን ሠራተኞች አዘጋጅተውለት አበረረው። እዚህ ላይ ድፍረቱን ብቻ ማድነቅ አይበቃም። አስቀድሞ ያለ ሮኬት፣ በሌላ አውሮፕላን እየተጎተተ ወጥቶ ማረፍን ተለማምዶበት ነበር። ከባዱን ክፍል ለይቶ መለማመድ፣ ከዚያ ሙሉውን መሞከር፦ ይህ አካሄድ በሥራው ሁሉ ይታያል።

ዲሴምበር 3 ቀን 1945

ጄት በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ያረፈበት ቀን ነው። አውሮፕላኑ ዲ ሃቪላንድ ሲ ቫምፓየር፣ መለያ ቁጥሩ ኤልዜድ 551፤ መርከቧ «ኦሽን»፤ ቦታው በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ከዋይት ደሴት አጠገብ። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ካስፓር ጆን ነበር። ባሕሩ ተናውጦ መርከቧ ከፍ ዝቅ ትል ስለነበር ሙከራው እንዲቆይ መልእክት ተልኮ ነበር። መልእክቱ ሳይደርስ ብራውን ተነሥቶ መጣ።

ለምን ከባድ እንደነበር ለመረዳት የፕሮፔለር አውሮፕላን መርከብ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል። አብራሪው በዝግታና በከፍተኛ ጉልበት ይጠጋል። ምልክት ሰጪው መኮንን «ቁረጥ» ሲለው ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በዚያች ቅጽበት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር እንደ ፍሬን ሆኖ አየሩን ይይዛል፤ አውሮፕላኑ ባለበት ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀመጥና የጭራው መንጠቆ በመርከቡ ወርድ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን ይይዛል። ነገር ከተበላሸ ደግሞ እጀታውን ሲገፋ ፕሮፔለሩ ወዲያውኑ በክንፉ ላይ ነፋስ ይለቃል፤ ክንፉ ገና ፍጥነት ሳይጨምር የማንሣት ኃይል ያገኛል።

ጄት ሁለቱንም አያደርግም። ጉልበቱን ሲዘጉት የሚይዘው ፕሮፔለር ስለሌለ አውሮፕላኑ መንሳፈፉን ይቀጥላል፤ ገመዶቹን ሁሉ አልፎ ፊት ለፊት ወደቆሙት አውሮፕላኖች ሊሄድ ይችላል። ጉልበት ሲጨምሩለት ደግሞ ተርባይኑ ፍጥነት እስኪያገኝ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ሲያገኝም በክንፉ ላይ የሚነፍስ ነገር የለም። መርከብ ጀርባ ላይ በጥቂት ሜትር ከፍታ ላሉ ሰው ሦስት ሰከንድ ማለት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

መፍትሔው ሁለት ገጽታ ነበረው። በአውሮፕላኑ በኩል ፍላፑን (ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚታጠፈውን ክፍል) እና የአየር ፍሬኑን አሳደጉ፣ የማረፊያ እግሮቹ በኃይል መውረድን እንዲችሉ ረዘም ያለ የግጭት መምጠጫ ሰጧቸው፣ መንጠቆ ገጠሙ። በአብራሪው በኩል ደግሞ የአቀራረብ ዘዴው ተለወጠ። ፍላፑና ፍሬኑ የሚፈጥሩት መጎተት ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እንዲቆይ ያስገድዳል። ዙሩ ከፍ ካለ ደግሞ ጉልበት ሲያስፈልግ ቶሎ ይመጣል። ፍሬን ይዞ ጉልበት መስጠት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የጄትን ዘገምተኛነት የሚያሸንፈው ይኸው ነው። ዛሬም የባሕር ኃይል ጄቶች መርከብ ላይ ሲጠጉ በዚህ መርሕ ነው።

ቫምፓየር አንድ ትልቅ በጎ ነገርም ነበረው። ፊት ለፊት ረጅም ሞተር ስለሌለ አብራሪው ወለሉን እስከ መጨረሻው ያያል። በሲፋየር ግን አፍንጫው ወለሉን ስለሚሸፍን አብራሪው እየተጠማዘዘ መጥቶ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው የሚቃናው። በተጨማሪም የአፍንጫ ጎማ ያለው አውሮፕላን ሲያርፍ እንደ ጭራ ጎማዎቹ አይዘልም። ብራውን ይህን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ «ፕሪቶሪያ ካስል» በተባለችው መርከብ የአፍንጫ ጎማ ያለውን ኤራኮብራ አሳርፎ አይቶት ነበር።

የጎማው ወለል

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ነዳጅ በላተኞችና ጉልበት አጠር ነበሩ። የማረፊያ እግርና ጎማ ከአውሮፕላኑ ክብደት ከመቶ 4 እስከ 6 ያህሉን ይወስዳል፤ የሚያገለግለው ግን ሲነሣና ሲያርፍ ብቻ ነው። የፋርንቦሮ መሐንዲሶች ጠየቁ፦ አውሮፕላኑ በማስወንጨፊያ የሚነሣ ከሆነ፣ ሲያርፍም በሆዱ ለስላሳ ነገር ላይ ቢወድቅ፣ እግር ለምን ይሸከማል? የተቆጠበው ክብደት ለነዳጅ ይውላል፤ እግሩ የሚታጠፍበት ቦታ ስለማያስፈልግም ክንፉን ማሳሳት ይቻላል። ሉዊስ ቦዲንግተን የተባለው መሐንዲስ ሥራውን ያዘ።

ወለሉ የተሠራው በአየር ከተነፉ የጎማ ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ ተደራርበው በወርድ ይነጠፋሉ፣ ከላያቸው ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይለብሳሉ። ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ነበር። ከምንጣፉ በላይ፣ በመግቢያው በኩል አንድ የማቆሚያ ገመድ ይወጠራል። አብራሪው እግሩን ሳያወርድ፣ በዝቅታና አግድም ሆኖ ከምንጣፉ በላይ ይመጣል፤ መንጠቆው ገመዱን ሲይዝ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ በሆዱ ይወድቅና ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ይቆማል።

አንድ ገመድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በተራ መርከብ ላይ አንዱን የሳተ ሌላውን ይይዛል። እዚህ ያቺን የሳተ ሁሉንም ሳተ። ስለዚህ ከፍታው በጣም ጠባብ ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ መንጠቆው አይደርስም፣ ዝቅ ካለ አውሮፕላኑ የወለሉን ጠርዝ ይመታል።

ዲሴምበር 29 ቀን 1947 ፋርንቦሮ ላይ በተገነባው ወለል ብራውን የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርግ የሆነው ሁለተኛው ነው። ቫምፓየሩ ሲጠጋ መስመጥ ጀመረ። ብራውን ጉልበት ጨመረ፤ ሞተሩ ግን በሰዓቱ አልደረሰም። ጭራው ጠርዙን መታ፣ መንጠቆው ወደ ላይ ተወርውሮ ገመዱን ሳተ፣ አውሮፕላኑ ምንጣፉ ላይ ወድቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ብራውን ጉዳት ሳይደርስበት ወጣ። ምክንያቱ ያው ከላይ የተባለው ነው፦ የጄት ዘገምተኛነት፣ ለስሕተት ቦታ ከማይሰጥ ወለል ጋር ሲገናኝ።

ማርች 17 ቀን 1948 ተሳካ። ከዚያ በኋላ እየተደጋገመ ተራ ነገር እስኪመስል ድረስ ተሳካ። ኖቬምበር 3 ቀን 1948 «ዋሪየር» በተባለችው መርከብ ላይ በተገጠመ የጎማ ወለል፣ ብራውን እግር ሳያወርድ አረፈ፤ ሙከራውም እስከ 1949 ዘለቀ።

እንግዲህ ማረፉ ከተሳካ ለምን ተተወ? ችግሩ ካረፈ በኋላ ያለው ነበር። እግር የሌለው አውሮፕላን ካረፈበት አይነቃነቅም። ክሬን መጥቶ ያነሣዋል፣ ጋሪ ላይ ይጭነዋል፣ ጋሪው ወደ ፊት ይጎተታል፤ ያ ሁሉ እስኪሆን ቀጣዩ አውሮፕላን ነዳጅ እያነሰው በአየር ላይ ይዞራል። በጦርነት ጊዜ አንድ ጓድ አውሮፕላን በአንድነት ሲመለስ ይህ አይቻልም። ደግሞም ያ አውሮፕላን የጎማ ወለል በሌለው ምድር ላይ ማረፍ ስለማይችል ዓለምን በሙሉ ጎማ ማንጠፍ ሊያስፈልግ ነው። በመሐሉ ሞተሮች ጉልበት ጨመሩ፤ የእግሩ ክብደት እንደ ድሮው አልከብድ አለ። አሜሪካኖችም በ1955 ፓተክሰንት ሪቨር ላይ በኩጋር ጄት ሞክረውት ተዉት።

ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በኦገስት 1951 ካፒቴን ዴኒስ ካምቤል ስለ ጎማው ወለል አጠቃቀም ለሚመክር ስብሰባ ይዘጋጅ ነበር። ጥያቄው ያረፈው አውሮፕላን ከመንገድ እንዴት ይነሣ የሚል ነው። ካምቤል የማረፊያውን መስመር ከመርከቡ መሐል ወደ ግራ በ10 ዲግሪ ቢያጋድሉትስ አለ። ቦዲንግተን የሐሳቡን ክብደት ወዲያው አየ፦ ወለሉ ጎማ ባይሆንም ይሠራል፤ እንዲያውም ያለ ጎማ ይበልጣል። ዛሬ ጄት በገመድ ይዞ የሚያሳርፍ መርከብ ሁሉ ያለው ያጋደለው ወለል የተገኘው ያልተሳካ ነገር እንዴት ይሠራ እየተባለ ሲታሰብ ነው።

ፈጣኑና ክፉው

ከመርከቡ ሥራ ጎን ለጎን ብራውን የድምፅን ፍጥነት በሚነኩ አውሮፕላኖች ላይ ይሠራ ነበር። ማይልስ ኤም 52 የተባለውን አውሮፕላን እንዲያበርር ታጭቶ ሳለ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1946 ፕሮጀክቱን ሰረዘው። ይህ ስረዛ ለእኔ እስካሁን የሚያንገበግብ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 27 ጭራ አልባው ዲ ሃቪላንድ 108 በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ በአየር ተበታትኖ የፋብሪካው መሥራች ልጅ ጄፍሪ ዲ ሃቪላንድ ሞተ። አንገቱ ተሰብሮ ነበር። ምን እንደሆነ የማጣራት ሥራ በ1949 ለብራውን ደረሰ። ሙከራውን ከከፍታ ጀመረ፤ ከ45,000 ጫማ ወደ ታች ጠልቆ ማክ 0.985 ደረሰ (ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት ነው)። አውሮፕላኑ ቻለው። ወደ 4,000 ጫማ ወርዶ ማክ 0.88 ሲደርስ ግን አፍንጫው በሰከንድ 3 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ ጀመረ። መሣሪያው ከ+4 እስከ -3 ጂ መዘገበ (1 ጂ የመሬት ስበት ልክ ነው)። አገጩ ደረቱን እየመታ ይመለስ ነበር። ያዳነው አስቀድሞ የተለማመደው ነገር ነው፦ መሪውንና የጉልበት እጀታውን ሁለቱንም በቀስታ ወደ ኋላ መሳብ። መወዛወዙ እንደጀመረው በድንገት ቆመ። ብራውን አጭር ሰው ነበርና ጭንቅላቱ ከኮክፒቱ ጣሪያ መራቁ ሕይወቱን እንዳተረፈ ያምን ነበር፤ ዲ ሃቪላንድ ረጅም ነበር።

ዝቅ ሲል ለምን ባሰ? የማክ ቁጥሩ ቢያንስም አየሩ ወፍራም ነው። በእኩል የማክ ቁጥር፣ በ4,000 ጫማ ላይ ያለው የአየር ግፊት ጫና በ45,000 ጫማ ካለው 6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከላይ በዝግታ የሚወዛወዝ አውሮፕላን ከታች በዚያው ልክ በኃይል ይገረፋል። ከተሠሩት ሦስት ዲ ሃቪላንድ 108ዎች አንዱም አልተረፈም፤ ሦስቱም አብራሪ ገድለዋል።

በዚያው 1949፣ ኦገስት 12 ቀን፣ የሳንደርስ ሮ ባሕር ላይ አራፊ ጄት በሶለንት ውሃ ላይ ሲያርፍ ተንሳፋፊ ቁራጭ መትቶ ተገለበጠና ሰጠመ። ራሱን የሳተውን ብራውንን ከኮክፒቱ ያወጣው የፋብሪካው የሙከራ አብራሪ ጄፍሪ ታይሰን ነው። ውሃ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚያርፍ ጄት ትንሽ እንጨት እንኳ ገዳይ መሆኑን ይህ አደጋ አሳይቷል።

ወደብ ላይ የታሰረችው መርከብ

በኮሪያ ጦርነት ዘመን ብራውን በልውውጥ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፓተክሰንት ሪቨር የባሕር ኃይል የሙከራ ጣቢያ ተላከ። ከዚህ ዘመን የማነሣው አንድ ቀን ነው፤ በ1952 መጀመሪያ፣ ፊላዴልፊያ።

ያኔ አሜሪካኖች አውሮፕላን የሚወነጭፉት በሃይድሮሊክ ነበር። ትልቅ ዘንግ በዘይት ግፊት ይገፋል፣ ገመድና መዘውር እንቅስቃሴውን ያባዛዋል። አውሮፕላን በከበደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ገመዱ ይወፍራል፣ ዘዴው ራሱ ራሱን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ዘይቱም አደገኛ ነው። በሜይ 26 ቀን 1954 «ቤኒንግተን» ላይ የማስወንጨፊያው ዘይት ፈንድቶ 103 ሰው ገድሏል።

እንግሊዛዊው ኮሊን ሚቸል ያመጣው የእንፋሎት ማስወንጨፊያ ሌላ ነው። ከወለሉ ሥር ረጃጅም ሲሊንደሮች አሉ፤ የላይ ጎናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ፒስተኑ በስንጥቁ በኩል ወለሉ ላይ ካለችው ጎታች ጋር ተያይዟል። እንፋሎቱ በስንጥቁ እንዳያመልጥ ረጅም የብረት ጥብጣብ ይዘጋዋል፤ ፒስተኑ ሲያልፍ ጥብጣቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የፒስተኑ ሹል ጫፍ ውሃ የሞላበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ሜትር ውስጥ ይቆማል። መዘውር የለም፣ ገመድ የለም። እንፋሎቱም ከመርከቡ ቦይለር በቀጥታ የሚመጣ ነው። ጥቂት እንፋሎት ያመልጣል፤ ችግር የለውም።

እንግሊዞች ይህን ለማሳየት «ፐርሲየስ»ን ይዘው መጡ። እንደ ልማዱ መርከብ አውሮፕላን ስታስነሣ ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ በፍጥነት ትቀዝፋለች፤ የነፋሱና የመርከቧ ፍጥነት ተደምሮ ለክንፉ በነፃ የሚሰጥ ፍጥነት ይሆናል። ያን ቀን ግን የሚረባ ነፋስ አልነበረም፤ መርከቧም ወደቡ ላይ እንደታሰረች ነበረች። እንግሊዞቹ አሜሪካኖች አውሮፕላናቸውን ከሰጡ እኛ አብራሪያችንን እንሰጣለን አሉ። አብራሪው ብራውን፣ አውሮፕላኑ ግራማን ፓንተር። ከታሰረች መርከብ ላይ ተወንጭፎ ተነሣ። ማስወንጨፊያው ያለ ነፋስ እርዳታ ሙሉ ፍጥነት መስጠት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። በ1954 «ሃንኮክ» የእንፋሎት ማስወንጨፊያ ያላት የመጀመሪያዋ የአሜሪካ መርከብ ሆነች።

ያጋደለውን ወለል ለአሜሪካኖች በማስረዳትም ብራውን ድርሻ ነበረው። ክርክሩ በሒሳብ ይቆማል። የማረፊያ ፍጥነት ከ60 ወደ 90 ኖት ሲያድግ ገመዱ የሚውጠው ኃይል በ2.25 እጥፍ ያድጋል። በቀጥታው ወለል ላይ ገመዱን የሳተ ጄት የሚጠብቀው የገመድ አጥርና ከአጥሩ ባሻገር የቆሙ አውሮፕላኖች ናቸው። ባጋደለው ወለል ላይ ፊት ለፊቱ ባሕር ብቻ ስለሆነ አብራሪው ወለሉን እንደነካ ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፤ ካልያዘ ዞሮ ይመለሳል። «አንቲተም» በ1952 መጨረሻ ተለውጣ ዝግጁ ሆነች። የእንግሊዙ ኒኮላስ ጉድሃርት የመስታወት ማረፊያ መሪም ሲጨመር የዘመናዊው ተሸካሚ ሦስቱ ክፍሎች ተሟሉ።

ቀድሞ ጠላት ለነበሩት

በ1950ዎቹ መጨረሻ ብራውን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አቪዬሽን ልዑክ መሪ ሆኖ ወደ ጀርመን ተመለሰ። የጀርመን ባሕር ኃይል የራሱ አውሮፕላን አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ በናዚ ዘመን የአየር ኃይሉ፣ ሉፍትቫፈ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ወስዶበታል። አውሮፕላን ተሸካሚዋ «ግራፍ ሴፔሊን»ም በ1938 ውሃ ነክታ ሳትጨረስ ቀርታለች። ስለዚህ ሥራው ከመሠረቱ መጀመር ነበር። አብራሪዎቹ በእንግሊዝ አገር በሲ ሆክና በጋኔት አውሮፕላኖች ሠለጠኑ። ብራውን ከጀርመኑ አድሚራል ጌርሃርት ቫግነር ጋር ተባብሮ ሠራ፤ ለግል መጓጓዣው አንድ ፔምብሮክ ተሰጠው። ጀርመኖቹ ጠጋኞች ያን አውሮፕላን በልዩ ኩራት ይንከባከቡት ነበር፤ ከ1930ዎቹ ወዲህ የባሕር ኃይሉ ብቻ የሆነ የመጀመሪያው አውሮፕላን ነበርና። በ1960 ጓዶቹ በኔቶ ሥር ገቡ። ፎከ ቩልፍ የሙከራ አብራሪ ባጣ ጊዜም ብራውን ለአጭር ጊዜ ተክቶ ሠርቷል። በ1945 ኩርት ታንክን የመረመረው መኮንን የታንክን የቀድሞ ፋብሪካ አውሮፕላን ሊሞክር ተመለሰ ማለት ነው።

በ1960ዎቹ በአድሚራሊቲ፣ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሲሠራ ሲቪኤ 01 የተባለችው አዲስ ተሸካሚ የወለል አቀማመጥ ላይ አማከረ። መርከቧ በ1966 ወረቀት ላይ ሳለች ተሰረዘች። ከሴፕቴምበር 1967 እስከ ማርች 1970 በስኮትላንድ የሎሲማውዝን የባሕር ኃይል አየር ጣቢያ በካፒቴንነት አዝዞ ጡረታ ወጣ። ቀጥሎ የእንግሊዝ ሄሊኮፕተር አማካሪ ቦርድን መርቷል። ወደ ሄሊኮፕተር የገባበት መንገድ ያስገርማል፦ በ1945 መጀመሪያ ስፒክ ላይ ሁለት ሲኮርስኪዎችን ሊረከብ ሄዶ አስተማሪ ሲጠይቅ የተሰጠው የበረራ መመሪያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። መጽሐፉን አንብበው፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ መቆምን ተለማምደው እሱና ባልደረባው ፋርንቦሮ ድረስ አበረሯቸው። በ1982 የንጉሣዊ ኤሮኖቲካል ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ።

ብራውን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2016 ሲሞት እንግሊዝ «ኩዊን ኤልዛቤት»ን እየጨረሰች ነበር። መርከቧ ማስወንጨፊያም የማቆሚያ ገመድም የላትም፤ ጄቶቿ ጫፉ ወደ ላይ ከተቀለበሰ ወለል ተነሥተው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ብራውን ፊላዴልፊያ ላይ የተወነጨፈበት ዓይነት የእንፋሎት ማስወንጨፊያ ያላቸው አብዛኞቹ የአሜሪካ ተሸካሚ መርከቦችና የፈረንሳዩ «ሻርል ደ ጎል» ናቸው፤ የፈረንሳዩ ደግሞ ከአሜሪካ የተገዛ ነው።